ከፖርቶመጋላው ጎን የሚዘረጋ ጥላ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ደርሶ የሜልበርን ሰው ወደ መሬይ ወንዝ ዳርቻ ነቅሎ ሲሄድ፣ አውራ ጎዳናው በላንድክሩዘር፣ በፓትሮልና በፒካፕ ይሞላል። ከብዙዎቹ ፖርቶመጋላ ጎን አንድ ረጅም ጥቁር ከረጢት ተጋድሞ ታያላችሁ። አዲስ የመጡ ወገኖቻችን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተጫነ ይመስላቸዋል። ሸራ ነው። መኪናው ይቆማል፣ የከረጢቱ ዚፕ ይከፈታል፣ ጥቅሉ ወደ ውጭ ይሳባል። ከውስጡ ሁለት እግሮች ወርደው መሬት ይረግጣሉ፣ ሁለት አግዳሚዎች ደግሞ ሸራውን ወጥረው ይይዙታል። የተለመደው መጠን በየጎኑ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሰው ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠራ፣ ሻይ እስኪፈላ ዘርግቶት ይቀመጣል።

እኔ ይህን ነገር የማየው በሹፌር ዓይን ነው። ከመሰደዴ በፊት እንጀራዬ የቱሪስት መኪና ላይ ነበር። መጀመሪያ የአብሳይ ረዳት ሆኜ፣ በኋላም መሪ ጨብጬ ደቡብ ኦሞንና ዳናኪልን ተመላልሼባቸዋለሁ። በደቡብ በኩል ጥላ ብዙም አያሳስብም። ግራር አለ፤ ወንዝ ዳር ከወረዱ ደግሞ ሾላ አለ። ሹፌሩ ከሩቅ ዛፍ መርጦ፣ ፀሐይዋ ወዴት እንደምትዞር ገምቶ ያቆማል። ፈተናው ዳናኪል ያለበት አፋር ነው። ሐመድ ኤላ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ወርዳችኋል፤ የሚያስጠልል ዛፍ የለም። ከዚያ አልፎ ባለው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ይህ ሌሊቱም ቀዝቀዝ የሚለው ወርም ተደምሮበት ነው።

እዚያ ጥላ የምንሠራው በመኪኖቹ ነበር። ወደ ዳናኪል አንድ መኪና ለብቻው አይገባም፤ ቢያንስ ሁለት ሆነን ነው የምንወርደው። ሁለቱን ጎን ለጎን እናቆምና ከአንደኛው ፖርቶመጋላ ወደ ሌላኛው ሸራ እንወጥራለን። አንደኛው መኪና ጎኑን ለነፋሱ ይሰጣል፣ ሸራውም በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ሥራ ያስያዙኝ አንጋፋ ሹፌር ሸራ መበሳት አይወዱም ነበር፤ ቀዳዳ ከተጀመረ በነፋስ እየሰፋ እስከ መሃል ይሄዳል ይላሉ። እሳቸው በሸራው ጥግ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ጠጠር ያስገባሉ፣ ሸራውን በጠጠሩ ዙሪያ ይጠቀልላሉ፣ አንገቱን በሲባጎ ሁለት ጊዜ አዙረው ያንቁታል። ገመዱ የሚታሰረው እዚያ አንገት ላይ ነው። በተሳበ ቁጥር ቋጠሮው ይብስ ይጠብቃል እንጂ ጠጠሩ አያመልጥም። የገመዱን ሌላኛ ጫፍ ደግሞ ከፖርቶመጋላው ዋና አግዳሚ ላይ ነው የሚያስሩት፤ ዳር ዳሩን የዞረውን ቀጭን ብረት ፈጽሞ አያምኑትም።

ይህን አሠራር ዛሬም አከብረዋለሁ። ገመድ ይለጠጣል፣ ነፋስ ሲመታው ይሰጣል፣ መልሶም ይወጠራል፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለውም። ከሥሩም ሰፊ ቦታ ይገኛል፤ እንግዳው፣ መንገድ መሪው፣ ፖሊሱ፣ የግመል ነጂዎቹ ልጆች ሳይቀሩ ይቀመጡበታል። ነገር ግን ሁለት መኪናና አራት እጅ ይፈልጋል፣ ሲታሰርም ሲፈታም ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የሚዘረጋው ለምሳና ለአዳር ብቻ ነው። ኮሮኮንች መሃል ጎማ ተንፍሶበት ክሪክ የሚያስገባ ሹፌር ጥላ የለውም። አብሳይም እንዲሁ። ከሠራሁባቸው ድርጅቶች አንዱ ሸራው ለእንግዶች ብቻ እንዲሆን አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ እንግዶቹ ከሥሩ ወንበር ይዘው ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ፣ ሽንኩርት የሚከትፈው ልጅ ከመኪናው ኋላ፣ ቡታጋዙ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል። ያ ልጅ እኔም ነበርኩ። ማንም ሰው በዚያ ሙቀት እንደዚያ መሥራት የለበትም።

የዚህን አገር ሸራ የወደድኩት ጥላን ለአሥር ደቂቃ ማረፊያም ስላደረሰው ነው። ሰው ጎማ ሲቀይርም፣ ልጅ ሲያበላም፣ ሞተር እስኪበርድ ሲጠብቅም ይስበዋል። አውስትራሊያውያን የመኪና ዕቃን እንደ ቁም ነገር ይዘው ሠርተውበታል። ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው ኤአርቢ የተመሠረተው እዚሁ ሜልበርን በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙም ከመሥራቹ ከአንቶኒ ሮናልድ ብራውን የስም መነሻ ፊደላት የመጣ ነው። ሰውየው በአገሪቱ ሩቅ ሰሜን ሲጓዝ የሰው ሁሉ የመኪና ዕቃ መንገዱን መቋቋም አቅቶት ሲሰባበር አይቶ ነው ሥራውን የጀመረው። ያ መንገድ የእኛን ይመስላል፤ ቀይ አቧራና የማያልቅ ኮሮኮንች ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከሸራው ጀርባ ረጅም የአሉሚኒየም ሐዲድ አለ። በሐዲዱ ቦይ ውስጥ የባለ 8 ሚሊሜትር ብሎኖች ራስ ይገባል፤ ብሎኖቹ ወዲህ ወዲያ ስለሚንሸራተቱ ከፖርቶመጋላው አግዳሚዎች ጋር ለማስተካከል ምንም መብሳት አያስፈልግም። ሐዲዱን ከፖርቶመጋላው የሚያያይዘው በኤል ቅርጽ የታጠፈ ወፍራም ብረት ነው። ብዙ ሰው ሁለት ይበቃል ይላል፤ ለሁለት ሜትር ተኩሉ ግን እኔ ሦስት አስራለሁ። ሸራው ከመኪናው ጎን ወጥቶ የሚንጠለጠል በመሆኑ ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ ብረት ክርን ላይ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። በዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፤ ዳዶውም በንዝረት እንዳይፈታ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ይሁን። በ13 ቁልፍ ከማጥበቃችሁ በፊት የመኪናውን በሮች አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ፤ የሸራው ታችኛ ጠርዝ የበር ጫፍ የሚነካ ከሆነ ከፍ ማድረግ ነው። ከመጀመሪያው ኮሮኮንች በኋላ ቆማችሁ እያንዳንዱን ብሎን እንደገና በቁልፍ ንኩት።

ክብደቱም ይታሰብ። ተራው ሸራ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግድም ነው። ከጎን ተነስቶ ኋላውንም አቅፎ የሚዞረው ትልቁ ዓይነት ከ20 ኪሎ በላይ ይሄዳል። የመኪና አምራች ጣሪያው በጉዞ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይጽፋል፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። እኛ አገር ጄሪካኑ፣ ፍራሹ፣ ሁለት ትርፍ ጎማውና የሽንኩርቱ ኬሻ ሁሉ እላይ ነው የሚጫነው። መገልበጥ የሚመጣው ከዚያ ነውና፣ ሸራ የሚጨምር ሰው ከላይ የሚያወርደውን አብሮ ይምረጥ። በነፋስ ደግሞ ቀልድ የለም። የተዘረጋ ሸራ ያለ ገመድና ያለ ችካል ከተተወ ተገልብጦ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ አግዳሚዎቹንም ይዞ ይሰብራል። ዝናብ ከመጣ አንደኛውን እግር ዝቅ ማድረግ ውኃው አቁሮ ሸራውን እንዳይጎትት ይረዳል። እርጥቡን ጠቅልሎ ወር ማቆየት ሻጋታ መጋበዝ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ይህ ዕቃ እዚህ በመቶዎች፣ ትልቁም ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። አዲስ አበባ ድረስ ከነቀረጡ አስገብቶ መግጠም ለአንድ ሹፌር የማይታሰብ ነው። ግን ከውጭ መምጣት ያለበት የትኛው ክፍሉ ነው? መርካቶ ሸራ ተራ ድንኳን ሲሰፉ የኖሩ እጆች አሉ። ቱቦላሬ ቆርጦ፣ በክርኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ደግፎ የሚበይድ በያጅ የሌለበት ሰፈር የለም። ከአንዱ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በብሎን የሚቆለፍ እግር መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በየሰፈሩ የእድር ድንኳን ብረቱ ተቆጥሮ፣ ሸራው ታጥፎ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ሲደርስ ወጣቱ በሌሊት ያቆመዋል። ብልሃቱን የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። የሚጎድለው ለሠራተኛው ጥላ ይገባዋል ብሎ የሚያዝዝ ባለ መኪና ነው። በአስጎብኚ መኪና ላይ ትርፍ ጎማና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን እንደሚጠየቅ ሁሉ ይህም ቢጠየቅ እወዳለሁ።

ለአገራችን የሚስማማው ግን የዚህ ግልባጭ አይደለም። እዚህ መኪና በግራ ስለሚሄድ ሸራው በግራ ይገጠማል፣ ሰው ከመንገዱ ርቆ እንዲቀመጥ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ቦታው ቀኝ ነው። የግራር እሾህ ቀጭኑን ከረጢት በአንድ ጉዞ ይቀደዋልና መሸፈኛው ከጭነት መኪና ሸራ ቢሰፋ ይሻላል። አፋር ለሚወርድ መኪና ደግሞ አሉሚኒየምና ብረት በቀጥታ መነካካት የለባቸውም፤ ጨው ባለበት አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። በመካከላቸው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የጎማ ሮንዴላ ማስገባት ይረዳል። ከሥሩ ቡታጋዝ የሚነድ ከሆነም ምድጃው ከሸራው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይቀመጥ፤ ጥላው ለአብሳዩ እንጂ ለእሳቱ አይደለም።

በነገራችን ላይ እኛ የሜልበርን ፉትስክሬይ ሰዎች ለሽርሽር ስንወጣ ሸራውን የምንዘረጋው እንደ ባለ አገሩ በየግላችን አይደለም። ሁለት መኪና ፊት ለፊት አቁመን ሁለቱን ሸራ ጠርዝ ለጠርዝ እናያይዛቸዋለን። በሐመድ ኤላ የነበረው ዳስ ተመልሶ ይቆማል፣ እናቶች ከሥሩ ረከቦት ያስቀምጣሉ፣ ጎረቤት የሰፈረ ቤተሰብም ሽታው ስቦት ይመጣል።

ለእኒያ አንጋፋ ሹፌር መለኪያውንና ሥዕሉን በቴሌግራም ላክሁላቸው። አሁንም መሪ ላይ ናቸው። ብረቱን ወደዱት፣ ሦስት ቦታ መታሰሩንም ተስማሙበት፣ በእግሮቹ ግን አልተስማሙም፤ በአሸዋ ላይ እግር ይሰምጣል፣ ከሥሩ ሳህን የሚያህል ላሜራ ይበየድበት አሉኝ። ልክ ናቸው። ሸራውን ደግሞ ወደ ኋላ በግማሽ ሜትር እንዳስረዝመው ጠየቁኝ፤ ሽንኩርት የሚከትፈው ልጅ የሚቆመው በዚያ በኩል ነውና። ሥዕሉን አሻሽዬ ልኬላቸዋለሁ።