እንደ እቁብ የሚጣል ግማሽ ሰዓት

«ቀኑን ሙሉ ስባክን እየዋልሁ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግልኛል?» ሲሉ ብዙ እህቶችን እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ልብስ የሚያጥብ፣ ሊጥ የሚያቦካ ክንድ ሥራ ፈት አይደለም። ይሁን እንጂ በከተማ የምንኖር ሠራተኞች አብዛኛውን ቀን የምናሳልፈው ወንበር ላይ ነው። ጠዋት በታክሲ ተቀምጠን እንሄዳለን፤ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረን እንውላለን፤ ማታም ተቀምጠን እንመለሳለን። ቤት የሚጠብቀን ሥራ ያደክማል እንጂ ልብንና ሳንባን የሚያጠነክር ሁልጊዜ አይደለም።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ስሆን የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። እናቴ ለብዙ ዓመታት ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር ስትታገል አይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የእኔም ግፊት ተለክቶ 138 በ88 ሆነ። ነርሷም «መድኃኒት ገና አያስፈልግዎትም፤ 140 በ90 ከደረሰ ግን ያሳስባል። ጨው ይቀንሱ፤ በእግርዎም ይሂዱ» አሉኝ።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም ለአምስት ቀናት ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማለት ነው። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ እየተራመዱ መነጋገር ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ ልኩ ያ ነው።

መጀመሩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መቀጠሉ ነው። አንድ ሳምንት ልጅ ያተኩሰዋል፤ በሌላው ዘመድ ይመጣል፤ ከዚያም ክረምት ይገባል። ፍላጎትም እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። ታዲያ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ እቁባችን ትዝ አለኝ። እቁብ የምንጥለው ደስ ሲለን ብቻ ነውን? አይደለም። ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የተወሰነ፣ የሚጠብቀንም ሰው ያለ በመሆኑ እንጥላለን። የእግር ጉዞውንም በዚሁ ደንብ ያዝሁት።

በመጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ወሰንሁ። አዲስ ጊዜ ከየትም አላመጣሁም፤ በታክሲ ሰልፍ የሚጠፋውን ወሰድሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ እሄድና ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ እይዛለሁ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ሰው አገኘሁ። በአቅራቢያዬ የምትሠራ ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ እያየኋት «ዛሬ ደክሞኛል» ለማለት አፌ አይደፍርም። እርሷም ስትሰንፍ እኔ እንደዚያው ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ሦስተኛው ደንብ ሁለት የሥራ ቀን በተከታታይ አለመዝለል ነው። ግማሽ ሰዓት ካልተገኘ አሥር ደቂቃም ቢሆን ከባዶ ይሻላል። ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እርሳስ ምልክት የምታደርገው ታናሽ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ዛሬ ሄደሻል ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ የእቁቡ ዳኛ እርሷ መሆኗን እረዳለሁ።

ዝናቡ ሲበረታ ወጡ እስኪበስል ቤት ውስጥ እንቀሳቀሳለሁ። በእጅ ሳይደገፉ ከዱካ ላይ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት ጡንቻን ያጠነክራሉ። እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን መሥራት ይመከራል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ማታ ዘግይቼ ስገባ ሥራው እንዳይከመርብኝ ሽንኩርት መክተፉንና የልጆቹን የቤት ሥራ ማየቱን ባለቤቴ ይዞታል። የቤቱ ሸክም በአንድ ሰው ጀርባ ላይ እያለ እናትን «ስፖርት ሥሪ» ማለት ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

ክብደቴ ብዙም አልቀነሰም። ይህን የምናገረው ሚዛን እያዩ ተስፋ የሚቆርጡ ስላሉ ነው። ግፊቴ ግን በቅርቡ ሲለካ 126 በ80 ሆኗል፤ እንቅልፌም ተስተካክሏል፤ ደረጃ ስወጣም እንደ ድሮው አላለከልክም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ልጅ ወልዳ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር እንደገና ወርቅ አግኝታለች። የእርሷን ያህል ከእኛ ባይጠበቅም፣ እናትነት እግርን እንደማያስር ግን አሳይታናለች።

የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ደረትን የሚያም ወይም የሚያዞር ነገር ሲሰማችሁም ወዲያው አቁሙ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ እህቶች፣ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት አንዲት ጓደኛ ፈልጉ፤ ቀን ቁረጡ፤ የምትገናኙበትንም በር ተነጋገሩ።