ልቀቅ!

ከሚወድቅ አይሮፕላን በዣንጥላ ዘለው ስለ ዳኑ ሰዎች ባነበብሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ሰማዩ አይደለም፤ በሀብሩ ያለ አንድ ወንዝ ነው።

በልጅነቴ፥ በክረምት ወራት፥ ከአጎቴ ጋራ ወደ መርሳ ስንወርድ ማሽላ የተጫነችውን አህያ የምስበው እኔ ነበርሁ። በእኛ ላይ ዝናብ አልነበረም፤ ነገር ግን በተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ደራሽ ሆኖ መጣና አህያይቱን ጣላት። ገመዱን በእጄ ላይ ጠምጥሜው ነበርና አብሬ ተጐተትሁ። አጎቴም «አንተ ልጅ፥ ልቀቅ! ልቀቅ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እኔ ግን ከእርስዋ በቀር ሌላ አህያ እንደሌለን አውቅ ነበርና አልለቀቅሁም። በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ገብተው ገመዱን በማጭድ ቈረጡት። አህያይቱ ሄደች፤ እኔ ቀረሁ። እናቴም በዚያ ምሽት ስለ አህያይቱ አንዲት ቃል ሳትናገር መዳፌን አጠበችልኝ።

ከዓመታት በኋላ በወልድያ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን የሐሮልድ ሐሪስን ታሪክ ነገሩን። ይህ አሜሪካዊ አብራሪ በጥቅምት 10 ቀን 1915 ዓ.ም. በዴይተን ከተማ ላይ አንዲት ትንሽ የጦር አይሮፕላን ሲሞክር መሪው በእጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አይሮፕላኒቱም አልታዘዝ አለች። በዚያን ጊዜ ትቶአት ዘለለ። በድንጋጤም የዣንጥላውን መክፈቻ በመሳብ ፈንታ ሌላ ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ሳበ፤ ትክክለኛውን ባገኘ ጊዜ ከምድር የቀረው 150 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም በወይን ሐረግ ላይ በደኅና ዐረፈ። እንዲህ የዳኑ ሰዎች የሚቈጠሩበት ማኅበር «የአባ ጨጓሬ ማኅበር» ይባላል፤ የዚያን ዘመን ዣንጥላ የሚሠራው ትል ከፈተለችው ሐር ነበርና።

በአገራችንም በትሪኒዳድ የተወለደው ሁበርት ጁሊያን በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዣንጥላ ወርዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አስደንቆ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተደረገው የዘውድ በዓል ሲቃረብ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ትንሽ አይሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋራ ተላተመ። ነፍሱ ተረፈች፤ ያዳነው ግን ዣንጥላ አልነበረም። ዣንጥላ ለመዘርጋት ከፍታ ይሻልና፥ ከምድር አጠገብ የዘላይ ሙያ ብቻውን አይበቃም።

አንባቢ ሆይ፥ ንብረትን አጥብቆ መያዝ የሚያስመሰግን ጠባይ ነው፤ ድኻ ያለ እርሱ ቤቱን አያቆምም። ነገር ግን የያዝነው ነገር ይዞን የሚሄድበት ሰዓት ይመጣል፤ የመልቀቂያውም ጊዜ አጭር ነው። ሐሪስ ለመሳሳት እንኳ ጊዜ ያገኘው ቀድሞ ስለ ለቀቀ ነው። እኔ ግን አልለቀቅሁም፤ ማጭድ የያዘ ሰው በአጠገቤ ስለ ነበረ ብቻ ተረፍሁ።

አጎቴ አይሮፕላን በቅርብ ሳያዩ ዐረፉ። ዛሬም ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ ያን ወንዝ በተሻገርሁ ቍጥር መዳፌን ዘርግቼ የገመዱን ጠባሳ አያለሁ።