መዝገብ ቤት ሠራተኛው በሰማዕታት ሙዚየም

ቅዳሜ ሌሊት በ11 ሰዓት ወልቂጤ መናኸሪያ ስንሰበሰብ ገና አልነጋም ነበር። ከተጓዦቹ ግማሹ ተማሪ፣ ግማሹም እንደ እኔ ያለ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እናቴ ጕዞው ለሽርሽር መስሏት ስለ ነበር ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ «ደኅና ተዝናንተህ ና» ብላ መረቀችኝ።

መድረሻችን አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ ጥግ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነበር። ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በዘፈን ጨረስነው። ዓለምገና ላይ ከቡታጅራ የመጡት ጓደኞቻችን ሲቀላቀሉንማ ጨዋታው ደመቀ። ከሙዚየሙ ፊት የቆሙትን ያዘኑ ሴቶች ሐውልት ስናይ ግን ሁላችንም ዝም አልን።

አስጎብኚያችን ጠጕራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚያው አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ነገር የተሞላ ጠርሙስ ሰብሮ ዘመቻውን እንዳወጀ ነገሩን። በዚያው ወር፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ብዙ መቶ ወጣቶች መገደላቸውንና ሬሳ በየመንገዱ መጣሉን አስረዱን። እርሳቸውም በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ መሆናቸውን የነገሩን በመጨረሻ ነው።

ከግድግዳው ላይ የሟቾች ፎቶግራፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። በመስተዋት ውስጥ ደግሞ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስ ተቀምጧል። አጠገቤ የቆመች ተማሪ አንዱን ፎቶግራፍ አይታ «ወንድሜን ይመስላል» አለችና ፊቷን አዞረች።

እኔም «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሰው ከየቤቱ ማን ለቅሞ አወጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ጠመንጃ የተኰሰው ጥቂት ሰው ነው። በቀበሌ ስም የሚመዘግብ ነበረ፤ ዝርዝሩን በታይፕ የሚመታ ነበረ፤ ማኅተም የሚያሳርፍ ነበረ። ኋላ ፍርድ ቤት ከቀረበው ማስረጃ ብዙው እኮ እነርሱ ራሳቸው ጽፈው በፋይል ያኖሩት ወረቀት ነው» አሉኝ።

መንግሥቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ጭምር ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል» ሲባል እንደ ምስጋና እሰማው ነበር። ያን ቀን ግን አስፈራኝ። አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አለቃዬ የሦስት ባልደረቦቼን ስም ጠርተው «ሥነ ሥርዓት የጎደላቸው ብለህ ጻፍ» ቢሉኝ፣ «ምን አጠፉ?» ሳልል ጻፍሁ፤ ቍጥር ሰጥቼም ወጪ አደረግሁ። ሦስቱም ከደመወዛቸው ተቀጡ።

የደመወዝ ቅጣት ከሰው ነፍስ ጋር አይተካከልም፤ ይህን አላጣሁትም። ነገር ግን እጄ የሠራው ሥራ እነዚያ ጸሐፊዎች ከሠሩት በዓይነቱ አልተለየም፤ የተለየው ዘመኑ ነው። በ1953 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ለፍርድ የቀረበው አዶልፍ አይክማንም አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፕ የሚያጓጕዘውን ባቡር ከቢሮው ሆኖ ያሰናዳ ሰው ነበር። መከላከያውም «ትእዛዝ ፈጸምሁ» የሚል ነበር።

ማታ ቤቴ ስገባ ቆጮው ሳይነካ ነበር። እናቴ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሰኞ ጧት የዚያን ደብዳቤ ግልባጭ ከፋይሉ አውጥቼ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ የጥፋታቸው ማስረጃ ከፋይሉ ውስጥ የለም፤ ምን ላያይዝ?» አልኋቸው።

ትኵር ብለው አዩኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጡኝም፤ እኔም ፋይሉን አልዘጋሁትም።