በጾም ባንዱን ማን ይይዘዋል? (ከተሞክሮዬ)

በአዲስ አበባ ኮንሰርት አዘጋጅቶ እንዴት እንደሚኖር የሚጠይቀኝ ሰው ስለ ዘፋኞች እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ ግን ብዙ የማወራው ስለ ቤዝ ተጫዋች፣ ስለ ሳውንድ ባለሙያና ስለ ጾም ነው።

1. ከዘፋኙ በፊት ቀኑን እመርጣለሁ። ገበያችን እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ትኬት የሚገዛ ሰው ይጠፋል፤ ረመዳን አብሮ ከገጠመ ደግሞ ጭራሽ ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ስመ ጥር ዘፋኞች አሜሪካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚያካሂደው ውድድር የሚውለው ያኔ ነውና፣ ዘፋኞቹም ጉዟቸውን በእሱ ዙሪያ ያደርጋሉ። ለዚያ ሰሞን እዚህ ትልቅ ስም አላቅድም።

2. ባንዱን የምይዘው በጾም ነው። ስም ያለው ዘፋኝ ሁለት ወር ባይዘፍን አይራብም። ድራመሩ ግን ሰርግ የለው፣ የምሽት ክለቡ ቀዝቅዟል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ጾም አያውቅም። ስለዚህ በጾሙ ለሙዚቀኞቼ መጠነኛ ወርሃዊ ክፍያ እሰጣለሁ፤ እነሱም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለፋሲካው ይለማመዳሉ። የሒሳብ ሠራተኛዬ ይህን ወጪ «ደግነት» ይለዋል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ሲግተለተልና ለአንድ ቅዳሜ እጥፍ የሚከፍል ደጋሽ ሲመጣ፣ ስልኬን የሚያነሱት እነዚሁ ልጆች መሆናቸውን ግን አይክድም።

3. የሙዚቀኛ ዋጋ የሚታየው በሳውንድ ቼክ ነው። አንድ ዘፋኝ ጉንፋን ይዞት መጣና «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» አለ። ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፣ አበቃ። ሳክስፎኒስቱ ግን የሚጫነው ቁልፍ የለውም፤ የለመዳቸውን ዜማዎች በሙሉ እዚያው በጭንቅላቱ ማዛወር፣ ጣቶቹንም በማይመቹት ቦታዎች ማስኬድ ነበረበት። ዓይኑን ጨፍኖ ያለ ድምፅ ቁልፎቹን እየነካካ አንዴ አለፈበትና «እንሂድ» አለ። ማታ ሕዝቡ የዘፋኙን ስም እየጠራ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኔ የሳክስፎኒስቱን ክፍያ ከፍ አደረግሁ።

4. ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሰው አሠለጥናለሁ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄዶ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ አባላት እዚያው ቀሩ። ዛሬም ባንድ ይዞ ባሕር ማዶ የሚሻገር አዘጋጅ ይህን ማሰብ አለበት። በሚቀሩት አልፈርድም፤ እኔ የማስበው ለእንቁጣጣሹ ነው። ተተኪ ማሠልጠን የሚከብደው ደግሞ በሙዚቀኛ ሳይሆን በሳውንድ ባለሙያ ነው። የሚሊኒየም አዳራሽ ባዶውን ሲፈተሽና ሰው ሲሞላው የሚሰጠው ድምፅ አንድ አይደለም። ይህን ጀማሪው የሚያውቀው ከዋናው ባለሙያ አጠገብ ሲያመሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየኮንሰርቱ አንድ ወጣት እየከፈልኩ አስቀምጣለሁ።

5. ስፖንሰር ጉርሻ ነው፣ እንጀራው ትኬት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ካወረደ ወዲህ በቢራ ገንዘብ ብቻ ማቀድ አልሆነልንም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ በዶላር የሚገዛ የሳውንድ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ዕቃ ከመግዛት መከራየትን የመረጥኩት ያኔ ነው።

6. ውሉ ላይ የፈቃድ አንቀጽ ይግባ። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቴዲ አፍሮ የአልበም ምርቃት በሂልተን ሊካሄድ ሲል «ፈቃድ የለውም» ተብሎ መታገዱን አገር ያውቃል። እሱን ያህል ስም ካላዳነ ሌላውን ምን ያድነዋል? በእኔ ውል ዝግጅቱ ከታገደ የዘፋኙ ቀብድ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። የባንዱ ግን ልምምዱ ተሠርቷልና ሙሉ ይከፈላል። ጠበቃዬ ይህቺን ዓረፍተ ነገር በየውሉ ይሰርዛታል፤ እኔም ሳልፈርም መልሼ እጽፋታለሁ።