ቅጠሉና ቀስቱ

ደሴ ውስጥ ጋራዥ የሚገባ ሰው እንግሊዝኛውን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ ቢገባ ይሻለዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ከአጎቴ የወረስኩትን ያረጀ ላንድሮቨር እየነዳሁ፣ የጥገና መጽሐፉን በብብቴ ሸጉጬ ከች ያልኩት። መኪናው እንግሊዛዊ፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ እኔም እንግሊዝኛ አነባለሁ። ምን ጎደለ?

«ጋሼ፣ የኋላው የቅጠል ስፕሪንግ ሳይደክም አልቀረም» አልኩ፣ ገጹን ገልጬ።

ሽማግሌው መካኒክ ከመኪናው ሥር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «የምን ቅጠል?»

«ይኸው፣ ብረቱ እንደ ቅጠል ተደራርቦ…»

«ልጄ፣ ቅጠል ከሆነ የፈለግከው ሰኞ ገበያ ሂድ። ይሄ ባሌስትራ ነው።»

ተመልሰው ገቡና ምርመራቸውን ከሥር ሆነው ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ባሌስትራው ረግቧል። ቦኮላው ተበልቷል። አሞርዛተሩ ሞቷል። ክሮቼራው ያንኳኳል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እኔ መጽሐፌን ዘጋሁ። እንግሊዛዊ በሽተኛ፣ ወሎዬ ሐኪም፣ የበሽታው ስም ግን ሁሉ ጣልያንኛ! ይህ እንዴት ሆነ?

መልሱ ከጋራዡ በር ላይ ያልፋል፤ መንገዱ ነው። የጣልያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ተነሥቶ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ዝናብና ጭቃ ያዘው፤ ጣርማ በር ተራራ ላይም አበሳውን አየ። እንደዚያ የተቸገረ ሰው መንገድ ቢሠራ አይደንቅም። ከአስመራ ደሴን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ጎዳና ሠራ፤ ጣርማ በርንም በዋሻ በሳው። ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርድ መንገድ አለ። መንገድ ካለ መኪና አለ፤ መኪና ካለ ብልሽት አለ፤ ብልሽት ካለ ደግሞ ከመኪናው ሥር የሚተኛ ሰውና ከጎኑ ቆሞ መፍቻ የሚያቀብል ልጅ አለ። ማቀበል የሚቻለው ስሙን ሲያውቁት ነው። የኛ የጋራዥ ቋንቋ የተወለደው፣ እንደሚመስለኝ፣ በዚያ ልጅ ጆሮ ውስጥ ነው።

አምስት ዓመት እንደሞላ ታሪክ ተገለበጠ። በእንግሊዝ ስር ያለው የደቡብ አፍሪካ ጦር የኮምቦልቻን በር ተዋግቶ አለፈና ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ወታደሩ እጁን ሰጠ፤ ባሌስትራ ግን አልተማረከም። ላንድሮቨር ለዓለም የታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ። ጦርነቱ ብረት ስላስወደደ አካሉ አሉሚኒየም ሆነ፤ ከሥሩ ግን እንደ ጋሪ በተደራረበ ብረት ላይ ተቀመጠ። ወደኛ አገር ሲመጣ የእንግሊዝኛ ስሞቹን ይዞ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ጠበቀው።

በኋላ የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ብገልጥ ስሞቹ ከመጽሐፌ ይልቅ መኪናውን የሚያውቁት ሆነው አገኘኋቸው። ባሌስትራ የቀስት ዓይነት ነው፤ ጎብጦ፣ ተጭኖ፣ ተመልሶ የሚወነጭፍ። አሞርዛተር ሞት ከሚለው ቃል ይወለዳል፤ ቀስቱ የወነጨፈውን ንጠት የሚገድል። (የኔው ገዳይ ራሱ ሞቶ ተገኘ።) ፍሬን የፈረስ ልጓምም ማለት ነው፤ ይህን ለወሎ ፈረሰኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ካምቢዮ ደግሞ ምንዛሪ ነው። ፍጥነት ትከፍላለህ፣ ጉልበት ይመነዘርልሃል።

ምንዛሪው የሚገባህ ሀረጎ ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። አንድ ቀን ዘመድና እህል አጭቄ ዳገቱ መሃል ቆምኩ። ስነሣ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቅኩት። «ቋ!» የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ለሁለት። ጥፋቱ የእግሬ ነው። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፤ መኪናው ግን ወደ ኋላ መንሸራተቱን ቀጠለ። ለካ የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ነው፤ ጎማና ካምቢዮ ሲለያዩ ምን ይያዝ? እግሬን ፍሬኑ ላይ ተክዬ ስጮህ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ «ታኮ! ታኮ!» እያለ ድንጋይ ፍለጋ ተበተነ። (ታኮም ጣልያን ነው፤ ተረከዝ።)

ለመካኒኩ ደወልኩ። «ቀዩን እጀታ ወደ ኋላ ሳበው» አሉኝ። «ያኔ የፊት ጎማም ይይዛል። የኋላው ቢሞትም የፊቱ ይጎትትሃል። ቀስ በል እንጂ!» እንደተባልኩት አደረግኩ። ላንድሮቨሩ ፊቱን ወደ ደሴ አዙሮ፣ ኋላውን እንደ ታመመ ዘመድ እየጎተተ ወጣ።

ያን ማታ ነው የገባኝ። ዕቃው ከእንግሊዝ፣ ስሙ ከጣልያን፤ ታዲያ የኛ ድርሻ ምንድን ነው ብዬ አዝኜ ነበር። የመካኒኩን ምርመራ በልቤ እንደገና ሰማሁት፦ ረገበ፣ ተበላ፣ ሞተ፣ ያንኳኳል፣ ይንሸራተታል። ስሙን ትተን ግሡን ይዘናል። መኪና ደግሞ ስም ሲሆን ቆሞ ነው፤ ሲሄድና ሲታመም ግሥ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። መኪና ሥር መግባት ካቆሙ ቆይተዋል፤ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ወጣቶቹን በምላሳቸው ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

እጃቸውን ከኋላ አድርገው ቀና ለማለት ሞከሩና ተዉት።

«ተመስገን» አሉ። «ባሌስትራው ረገበ እንጂ አልተሰበረም።»