የማይዝገው ብሎን

የአባታችን ሞተር ሳይክል ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ሰማያዊ ሸራ ለብሳ አራት ዓመት ቆማ ነበር። አባታችን ለሌሊት ፈረቃ ወደ ፋብሪካ የሚመላለሱባት የ2003 ሥሪት፣ 500 ሲሲ የጃፓን ሞተር ናት። ጉልበታቸው ሲታመም ቁልፏን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡና ስለ እርሷ ማውራት ተዉ። እኛ ወንድምና እህት ነን፤ ሁለታችንም ተማሪዎች። ከአሽቀሎን ወጥተን ክፍል ለመድረስ በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ስንቀያይር ዓይናችን ሸራው ላይ ማረፍ ጀመረ። ባለፈው የበጋ ዕረፍት "እኛ እናድሳት" ስንላቸው "ከቻላችሁ ውሰዷት፤ ለሙሳክ የምከፍለው ገንዘብ ግን የለኝም" አሉን።

ሸራውን ስንገልጠው ሞተሯ ራሷ ደህና ነበረች። ያስደነገጡን ብሎኖቿ ናቸው። ቤታችን ከባሕሩ አንድ ኪሎ ሜትር አይርቅም። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። ብሎኖቹ የተለበጡበት ስስ ዚንክ አልቆ ራሳቸው ሁሉ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ስለዚህ ብሎኖቿን በሙሉ አውጥተን በኒሮስታ ለመለወጥ ወሰንን።

ኒሮስታ እዚህ አገር ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው፤ የእናታችን ድስትም፣ የዕቃ ማጠቢያውም ኒሮስታ ነው። ቃሉ "የማይዝግ ብረት" ከሚለው የጀርመንኛ አጠራር አጥሮ የወጣ ነው። ምስጢሩ ክሮሚየም ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት አየር ሲያገኘው ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ቢጫር እንኳ ሽፋኑ ተመልሶ ይሠራል። ለብሎን በብዛት የሚሸጠው ኤ2 የሚባለው ሲሆን 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ኤ4 የሚባለው ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት የባሕር ጨውን የበለጠ ይችላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። የእኛ ኪስ የተማሪ ኪስ ስለሆነ ኤ2 ገዛን።

ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል ብሎ የነገረን አልነበረም። መጀመሪያ የቪቴዎቹን ራስ አበላሸን። የጃፓን ሞተር የመስቀል ራስ ያለው ቪቴ ከተለመደው ካቻቪቴ ጋር የሚገጥም ይመስላል፤ ቅርጹ ግን በጥቂቱ ስለሚለይ ካቻቪቴው እየዘለለ ራሱን ይበላዋል። ትክክለኛውን እስክንገዛ ድረስ ሦስት ቪቴ አጠፋን። ቀጥሎ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተን አሳደርን፤ ብዙዎቹ በማግሥቱ ወጡ። በካርተሩ ክዳን ላይ ያለ አንድ ብሎን ግን አልነቃነቅ አለ። መፍቻውን በቧንቧ አስረዝመን ልንታገለው ስንል ከኋላችን ድምፅ ሰማን።

"አትታገሉት። ይሰበርባችኋል። አግሉት።"

አያታችን ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ከሰዓት በኋላ ከሕንፃው በር አጠገብ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ለካ ሁለቱን ቀን ሙሉ ሲያዩን ኖረዋል።

"ብሎኑን አይደለም፤ ዙሪያውን አግሉት። ያቀፈው ሲሰፋ የታቀፈው ይለቃል።"

ከጎረቤት የሙቅ አየር መንፊያ ተውሰን ዙሪያውን አሞቅነው። ብሎኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ዞረ። ከሁለታችን አንዷ መካኒካል ምህንድስና ስለምታጠና ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። አያታችን ግን ፊደል የቆጠሩት እዚህ አገር ከመጡ በኋላ፣ በኡልፓን ነው።

"አባባ፣ ይህን የት ተማሩት?" አልናቸው።

ዝም ብለው ቆዩና "ከአባቴ፤ እሱም ከአባቱ" አሉ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ሁለታችንም በየተራችን የ"ሾራሺም" ሥራ ሠርተናል። አያታችሁ በኢትዮጵያ ምን ይሠሩ ነበር ለሚለው ጥያቄ አባታችን "ገበሬ ብላችሁ ጻፉ" አሉን። ጻፍን፤ አንዳችን ዛሬ፣ አንዳችን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ቃል። አያታችን በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ የሰማነው ከሃያ ዓመታችን በላይ ሆነን፣ ዘይት በነካው እጃችን የካርተር ክዳን ይዘን ነው።

ልጅ ሳሉ ወናፍ ይነፉ ነበር። ሲያድጉ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሠሩ። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ርስት ስላልነበራቸው ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይኖሩ እንደነበር ከመጽሐፍ አንብበናል። የራሳችን ቤት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ግን አስበን አናውቅም። "ቀን ማረሻ አሹልልን ብለው ይመጣሉ" አሉን አያታችን። "ማታ ደግሞ ቡዳ ናቸው ብለው ልጆቻቸውን ከእኛ ይሸሽጋሉ።" በግንቦት 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጡ መዶሻውንም ጉጠቱንም እዚያው ትተው መጡ። እዚህም ሥራዎ ምን ነበር ሲባሉ "ገበሬ" አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ብረታ ብረት በሚመረትበት ፋብሪካ ነው፤ ወለል ይጠርጉ ነበር።

ይህ ሲነገር አባታችን አጠገባችን ቆመው ነበር። "በዚያ ስም እንዳትሰደቡ ብዬ ነው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ቀን በኋላ የአያታችን ወንበር ከሞተሯ አጠገብ ሆነ። ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ወደ ፊት ፍሬን ደረስን። የፍሬኑን ካሊፐር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ከሁሉም ይልቅ ዝገዋል። በርዝመትም በጥርስም የሚመሳሰሉ ሁለት ኒሮስታ ብሎኖች አዘጋጅተን ነበር። አያታችን አንዱን አንስተው አገላበጡት።

"ይህ የሚያበራው ምን ሊሸከም ነው?"

"ፍሬኑን" አልናቸው።

ሞረድ ስጡኝ አሉ። የአሮጌውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ሞረዱ፤ የአዲሱንም እንዲሁ። አሮጌው ላይ ሞረዱ እየተንሸራተተ በጥቂቱ ብቻ ቧጠጠ፤ አዲሱ ላይ ጠልቆ ነከሰ። "ይህኛው ያምራል። ያኛው ግን ይበረታል" አሉና ሁለቱንም መልሰው ሰጡን።

ያን ጊዜ የብሎኖቹን ራስ አየን። ከዝገቱ ሥር 10.9 ተጽፏል። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብሎኑ ሳይበጠስ የሚችለውን ጉተታ ይነግራል፤ 1000 ሜጋፓስካል። የአዲሱ ራስ ላይ ያለው ኤ2-70 ነው፤ 700 ሜጋፓስካል ማለት ነው። ከሁለታችን አንዷ ይህን ሠንጠረዥ ለፈተና አጥንታ፣ ጥሩ ነጥብም አግኝታበታለች። ብልጭልጩን ስናይ ግን ራሱን ማንበብ ረሳን። ፍሬን ሲያዝ የሞተሯም የነጂውም ግፊት የሚያርፈው በእነዚያ ሁለት ብሎኖች ላይ ነው። የሚነዳው ደግሞ ከሁለታችን አንዳችን ነበር።

ስለዚህ ያረጀ ሞተር ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህን ከእኛ ውሰዱ። የሞተር ክዳን፣ የጭቃ መከላከያ፣ የመብራትና የታርጋ ማሰሪያ ብሎኖችን በኒሮስታ ለውጡ፤ ያምራል፣ ይቆያልም። ፍሬንን፣ የጎማ አክሰልን፣ መሪንና ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ግን ፋብሪካው ባዘዘው ጥንካሬ ብቻ ተኩ፤ ራሱ ላይ 8.8 ካለ በ8.8፣ 10.9 ካለ በ10.9። ኒሮስታን አሉሚኒየም ውስጥ በደረቁ አታስገቡ። ጨው ያለበት እርጥበት በመካከላቸው ሲገባ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ብሎኑ እያበራ ቀዳዳው ይበሰብሳል። ለዚሁ የተሠራውን የብሎን ቅባት ጥርሱ ላይ ቀቡ። ኒሮስታ ብሎንን በኒሮስታ ዳዶ ስታስሩም ቀስ በሉ፤ በችኮላ ከዞረ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ ተበየደ ይሆናሉ። አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ10 ኒውተን ሜትር የሚበልጥ ኃይል ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ቅባት ካለበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ለፍሬኑ ዚንክ የተለበጡ አዲስ 10.9 ብሎኖች ገዛን። ከሌሎቹ ጋር ሲታዩ ደብዛዛ ናቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ይዝጉና እንደገና እንለውጣቸዋለን። ሞተሯ ቴስት አልፋለች። አባታችን የመጀመሪያውን ዙር ራሳቸው ነዱ፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ሲወርዱ "ፍሬኗ ጥሩ ነው" ብቻ አሉ።

ታናሽ ወንድማችን ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባ፤ የሾራሺም ሥራውም ደረሰ። አያታችንን አጠገቡ አስቀምጦ ወናፍ እንዴት እንደሚሠራ እየጠየቀ ሥዕሉን ሳለ። በ"ሥራ" መስመር ላይ "ብረት ቀጥቃጭ" ብሎ ጻፈ። ወላጅ የሚፈርምበት ቦታ ስለነበር ወረቀቱን ለአባታችን ሰጣቸው። አባታችን ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ አምጡልኝ አሉ።