ከፍ ስላደረግናት መኪናና ያለ ጥፋቱ ስለ ተወቀሰው ልጃችን

ቤቱን በደኅና ለመምራት የሚያስብ አባት ስለ ልጆቹ ምግብ፥ ልብስና ትምህርት እንደሚጨነቅ ሁሉ፥ ቤተ ሰቡን ተሸክማ ስለምትጓዘው መኪናም ሊያስብ ይገባዋል። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛ ራሳችን ባለማወቅ የሠራነው ስሕተት ለአንባቢዎቻችን ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው እንጂ።

ወላጅ እናታችን የሚኖሩት በመንዝ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ባለቤታችንንና ልጆቻችንን ይዘን፥ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን እንደርሳለን፤ ከዚያም አልፈን ወደ እናታችን አገር እንወጣለን። መኪናችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ባለ 80 ምድብ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ናት። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ መንደሩ በምንገባበት ስፍራ፥ ጐርፍ የገለጠው ድንጋይ ሆድዋን እየመታ ስላስቸገረን ከፍ እንድትል ቈረጥን። በአንድ ጋራዥም 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርጉ አራት ሞላዎችና ለርዝመታቸው የሚስማሙ አሞርዛቶሪዎች ተገጠሙላት። ቁመቷ አምሮ በወጣች ጊዜ በግቢያችን ቆመን እያየናት ደስ አለን፤ እውነቱን ለመናገር ጥቂት ኰራን።

በጉዞውም ቀን መሪውን ለበኵር ልጃችን ሰጠነው። ሰንዳፋን አልፈን በሜዳው ስንሄድ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከፊታችን መጣ። መኪናችን ወደ መንገዱ መካከል ተሳበች፤ ልጃችን ደንግጦ ሲመልሳት ደግሞ ወደ ጠርዙ ሄደች። በእግዚአብሔር ቸርነት ሳንጋጭ አለፍን። እኛም በቍጣ፥ በእናቱና በእኅቶቹ ፊት፥ «እጅህ ያልጸና ከሆነ የሰው ነፍስ አትያዝ» ብለን ወቀስነው።

ልጁም፥ «አባባ፥ ጥቂት ስነካው ብዙ ይሄዳል፤ ስለቀውም መሪው በራሱ አይመለስም» አለን። ነገሩ ሰበብ መሰለንና ከኋላ እንዲቀመጥ አዘን መሪውን እኛ ያዝን። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ትከሻችን ዛለ፤ መኪናይቱም እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። ባለቤታችን ቀስ ብለው፥ «እንግዲህ የእርስዎም እጅ አልጸናም ማለት ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እንዲህም ሆኖ፥ ኵራት ይዞን፥ በዚያ ቀን ለልጃችን አንዲት ቃል አልተናገርንም።

ከተመለስን በኋላ ያው ጋራዥ ሦስት ጊዜ ኮንቨርጀንሳ ሠራልን፤ ይኸውም የፊት ጎማዎች ጫፋቸው እርስ በርሱ እንዲተያይ ማስተካከል ነው። ሥራው አስፈላጊ ቢሆንም በሽታው ሌላ ስለ ነበረ አልዳነችም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ዘንድ ወሰድናትና የሆነውን ሁሉ ነገርነው። እሱም አንዳች ዕቃ ግዙ ሳይለን አስቀድሞ ለካት። ከለካም በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ይህችን መኪና እንዲህ ሆና ሳይገለብጣት የነዳ ልጅ ሊመሰገን ይገባው ነበር» አለን። ይህ ቃል ከወጪው ሁሉ ይልቅ ከበደን።

ምክንያቱንም እንዲህ ሲል አስረዳን። ፊተኛው ጎማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞርበት ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ላይኛው ጫፉ ጥቂት ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ይህም ዝንባሌ ካስተር ይባላል። የቢስክሌትን የፊት ሹካ ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ፥ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፍራ ከምሰሶው መስመር ኋላ እየተጐተተ ስለሚከተል፥ ጎማው በራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። በእኛ መኪና ደግሞ የፊቱን አክስል የሚይዙ ሁለት ክንዶች አሉ፤ ከአክስሉ ጋር ጠብቀው ታስረው ወደ ኋላ ይሄዱና በሻንሲው ላይ በቦኮላ ይያያዛሉ። ሻንሲው ከፍ ሲል የክንዱ ኋለኛ ጫፍ አብሮ ይነሣል፤ አክስሉም ወደ ፊት ይዞርና ዝንባሌው ይጠፋል። ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ክንድ ጫፉ 50 ሚሊ ሜትር ቢነሣ 3 ዲግሪ ያህል ይዞራል። 3 ዲግሪ ገደማ መሆን የሚገባው የእኛ መኪና ካስተር ግማሽ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የዕቃው ምርጫ መጣ። መዠመሪያው ቀዳዳው ከመካከል የወጣ ቦኮላ ነው፤ በአሮጌው ፈንታ በመጭመቂያ ሲገባ አክስሉን መልሶ ያዞረዋል። ሁለተኛው ክንዱ የሚታሰርበትን ስፍራ ዝቅ የሚያደርግ ብረት ነው፤ ይህ ለበዛ ከፍታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ድንጋይ ያገኘዋል። ሦስተኛው ለከፍታው ተብሎ የተሠራ አዲስ ክንድ ነው፤ መልካም ነው፥ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ቦኮላው ስለሚበቃ እሱን መረጥን። ከቦኮላውም መካከል እንደ ፕላስቲክ የጠነከረውን ትተን የጎማውን ወሰድን፤ የጠነከረው ብዙ ቢቈይም አክስሉ በሸካራ መንገድ እንደ ልቡ እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋልና። ቦኮላው ተገልብጦ የገባ እንደ ሆነ ግን የቀረውንም ዝንባሌ ስለሚያጠፋ አገባቡን ማስተዋል ያስፈልጋል። ብሎኖቹም በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናይቱ በጎማዋ ቆማ ሳለች ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ቢጠብቁ ጎማው ተጠምዞ ቶሎ ይቀደዳል።

አክስሉ ወደ ጐን እንዳይሄድ የሚይዘው አግድም ዘንግም፥ ሻንሲው ከፍ ሲል ስላጋደለ፥ አክስሉን 8 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጐን ስቦት ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ባይጐዳም የዘንጉ ቦኮላ ተበልቶ ስለ ተገኘ፥ ርዝመቱ የሚስተካከል አዲስ ዘንግ ገዛን። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም እንዳይወጠሩ ተመረመሩ። ከሁሉ ያስደነገጠን የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚመጥነው ቫልቭ ነበር፤ መኪናይቱ ከፍ ስትል ባዶ የሆነች ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ኀይል ይቀንሳል። ስለዚህ የዘንጉ መያዣ አብሮ ከፍ ተደረገ። ኮንቨርጀንሳውም ከሁሉ በኋላ ተሠራ። በመጨረሻው ልክ ካስተሩ 3 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

አንባቢዎቻችን ግን የእኛን ዕቃ አይተው ለሌላ ዓይነት መኪና እንዳይገዙ እንለምናለን። የፊት እግሯ በባሌስትራ የተሠራ መኪና የምትቃናው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ነው። የፊት ጎማዎችዋ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ የላይኛ ክንድ ትፈልጋለች። ስለዚህ አስቀድሞ ማስለካት፥ የተበሉትን ቴስቲናና ቦኮላ ማስለወጥ፥ ከዚያ በኋላ መግዛት ይገባል። ኮርቻው ሲለወጥ እርካቡም እንደሚለካ የበቅሎ ባለቤት ሁሉ ያውቃል።

መኪናይቱ ከዳነች በኋላ ልጃችንን በእናቱና በእኅቶቹ ፊት ጠራነው፤ በእነርሱ ፊት ወቅሰነዋልና። «ጥፋቱ የእጅህ አልነበረም፤ ሳንለካ ከፍ ያደረግን እኛ ነን» ብለን ቍልፉን ሰጠነው። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። በሚቀጥለው ጉዞ ሰንዳፋን አልፈን ከፊታችን የጭነት መኪና በመጣ ጊዜ ባለቤታችን የበሩን እጀታ ጨበጡ፤ መኪናይቱ ግን መስመርዋን ሳትለቅ አለፈች። እኛም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ዝም አልን።